በስንጥቁ ላይ የቆመው ጥርስ

እህቴ በሰፈራችን የምትታወቀው በልቅሶ ድምፅዋ ነው። አቃቂ በሰቃ ውስጥ ሰው ሞቶ ድንኳን ሲተከል፣ እሷ ስትገባ ሴቶቹ ገለል ብለው ቦታ ይሰጧታል። ሟቹን ባታውቀው እንኳ ግድ የላትም። ከቤተሰቡ አንዷን ጠጋ ብላ፣ ምን ይወድ ነበር፣ በምን ይቆጣ ነበር ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ትነሳለች። ግጥም ማውረድ ስትጀምር እንደ ድንጋይ ደርቃ የተቀመጠች መበለት ሳትቀር ትፈታለች። "አልቅሱ፣ ይውጣላችሁ፤ በሆድ አይያዝም" ትላለች ለሁሉም። እኔ ታላቋ ነኝ፤ ግጥም ግን አልችልም። እኔ የምችለው ወሬ ነው።

የምትሠራው ቃሊቲ ነው፣ ክር ፋብሪካ ውስጥ። "የማሽኑን ጩኸት አሸንፌ የምጣራው እኔ ብቻ ነኝ" እያለች ትኮራለች። እኔ አግብቼ ገላን ኮንዶሚኒየም ስገባ እሷ ከአባታችን ጋር በአሮጌው ቤት ቀረች። አባታችን በባቡር ጋራዥ ብረት ሲያቃና ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም የመሣሪያ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር አላወጣም። ልቡ ደክሞ፣ እግሩ እያበጠ፣ ውሎው ግቢው ውስጥ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነ። እዚያ ተቀምጦ በሚያልፍ በሚያገድመው ይነጫነጫል፤ በድመቷ፣ በመብራት ኃይል፣ በእኔ አረማመድ።

በእህቴ ድምፅ ግን መቀለድ ይወዳል።

"እኔ ስሞት የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ይተኛ" ይላታል። "አንቺ ደጃፍ ቆመሽ አንዴ ብትጮኺ ቃሊቲ ድረስ ይሰማል።"

"ሟርት አትናገር አባዬ።"

"ሟርት አይደለም፣ ኑዛዜ ነው። ደግሞ ውሸት እንዳትጨምሪብኝ። ለሰው ሁሉ ደግ ነበር፣ ደግ ነበር ትያለሽ። እኔን ነጭናጫ ነበር በይልኝ።"

"ነጭናጫ ለግጥም አይመችም።"

"ፈልጊ። ጊዜ አለሽ።"

እንዲህ ይሳሳቁ ነበር። እኔም ከዳር ሆኜ እስቃለሁ። ያ ቀልድ የምር አደራ እንደነበረ የገባን በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ የተሳፈረችበት ባጃጅ፣ ሹፌሩ ጉድጓድ አመልጣለሁ ሲል ተገለበጠ። አገጯ ከፊቷ ያለውን ብረት መታው። እጇና እግሯ ደህና ስለነበሩ ሰዎች አንስተው ወደ ቤት እንጂ ወደ ሐኪም አልወሰዷትም። እኔ ደውለውልኝ ስደርስ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። አንደኛዋ ቅቤ ታሞቃለች፤ ሌላዋ ወጌሻ ልኬያለሁ ትላለች። እህቴ አልጋው ጫፍ ላይ በነጠላ አገጯን ይዛ ተቀምጣለች፤ ከከንፈሯ ደም የቀላቀለ ምራቅ ይወርዳል።

"ይቺ የመንጋጋ ጥርስ ተነቃንቃለች" አለች ቅቤ የምታሞቀው። "በክር አሥረን ሳብ ብናደርጋት ትገላገላለች።"

አባዬ በከዘራው መሬቱን መታ። "ማንም እንዳይነካት። እስቲ ልጄ፣ ንከሺ። ቀስ ብለሽ ግጠሚው።"

ነከሰች። በግራ በኩል ጥርሶቿ ተገናኙ፤ በቀኝ በኩል ግን ተለያይተው ቀሩ። የታችኛው ረድፍ መሃል ላይ ደረጃ ሠርቷል። አባዬ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለወጠ። "ይሄ ጥርስ አይደለም የተነቃነቀው፤ ሥሩ ያለው አጥንት ነው። መኪና ጥሩ።"

ሆስፒታል ራጅ ተነሳች። ያየቻት ዶክተር ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ብላ የምትናገር። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አሳየችን። የታችኛው መንጋጋ አጥንት ላይ ጥቁር ሰንበር ከላይ ወደ ታች ወርዷል፤ ልክ ሸክላ ሲሰነጠቅ እንደሚታየው። በሰንበሩ አጠገብ ሁለት ጥርሶች አሉ።

"የፊተኛዋ ሥሯ ከመሃል ተሰብሯል፤ እሷን ማውጣት አለብን። ብትቀር መግል ትይዛለች" አለች። "የኋለኛው ግን ስንጥቁ ላይ ቆሟል እንጂ ራሱ አልተሰበረም። እሱን አልነካውም።"

"እየተነቃነቀ?" አልኳት። "ነቅሎ መገላገል አይሻልም?"

"ብዙ ሰው እንደዚያ ይለኛል፣ እህቴ። ድሮ ድሮ ሐኪሞችም ስብራት ላይ ያለ ጥርስ ሁሉ ይውጣ ይሉ ነበር። ግን አሁን ብነቅለው አጥንቱ የሚደገፍበትን ያጣል፤ ሁለቱ ስባሪዎች ይንሸራተታሉ። ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ይቆይልን። የላዩንና የታቹን ጥርስ በሽቦ አንድ ላይ አሥረን፣ አጥንቱ እስኪገጥም አፏ ይዘጋል። እኔም ጥርሱን እየተከታተልኩ አያለሁ። ከሞተ ወይም መግል ከያዘ ያኔ ይወጣል።"

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። "ብሎን ማለት ነዋ። ሁለት ሃዲድ ሲጋጠም መሃሉን ይዞ እንደሚቆም።"

"እንደሱ ይበሉት አባባ" አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ ወደ እኔ ዞረች። "ቤት ውስጥ ሽቦ መቁረጫ ከአጠገቧ አይጥፋ። ካስመለሳትና ካነቃት እነዚህን፣ እዚህና እዚህ ያሉትን ቶሎ ትቆርጫለሽ። ለሌላ ለምንም ነገር ግን እንዳትነኩት። አጥንቱ አሁን ያልደረቀ ሲሚንቶ በሉት። ቢነቃነቅ ይጣመማል፤ ጥርሱም አብሮ ይሄዳል።"

እህቴ አፏ ተዘግቶ ወደ ቤት ተመለሰች። ያ ሁሉ ድምፅ በጥርሶቿ መሃል እንደ ንፋስ ብቻ የሚያልፍ ሹክሹክታ ሆነ። የተነቀለችው ጥርስ በቦታዋ ክፍተት ትታለች፤ በዚያ በኩል ስትሮ እናስገባለን። አጥሚት፣ የምስር ሾርባ፣ ቀጭን በሶ፣ የአቮካዶ ጭማቂ። ከእያንዳንዱ በኋላ በጨው ውኃ ትጉመጠመጣለች፤ ስንጥቁ ላይ ያለው ጥርስ እንዳይመረዝ። መድኃኒቷንም በጥብጠን ነው የምንሰጣት።

ጠያቂ ግን ምን ይደረግ። የእኛ ሰው ደግሞ የታመመ ሳያጎርስ አይወጣም። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን፣ የሰማንያ ዓመት ባልቴት፣ በትንሽዬ ድስት ጨጨብሳ ይዘው መጡ። ቁጭ ብለው አንዷን ቁራሽ አድበልብለው ወደ እህቴ ከንፈር አስጠጉ።

"እማማ፣ አፏ እኮ ታስሯል" አልኳቸው።

"ትንሽዬ ናት፣ ምን ትላታለች። በጎን ትግባላት።"

"በሽቦ ነው የታሰረው፣ እማማ።"

"ይሁን፤ ቅቤዋን ትምጠጥ።" ቁራሿን በተገጠሙት ጥርሶች ላይ ገፉ። የእህቴ ዓይን በሳቅ እንባ ሞላ፤ መሳቅ ደግሞ ያማታል። አባዬ ከውጭ ሆኖ፣ "እሷን ያጎረሱበትን እጅ ወደ እኔ ይላኩልኝ፤ እኔ አልታሰርኩም" አለ። ጨጨብሳውን እሱ ጨረሰው።

የሽቦ መቁረጫውን ነገር አባዬ ራሱ ያዘው። ከሳጥኑ ያቺን እጀታዋ የተላላጠ ፒንሳ አወጣ፤ በጋራዥ ዘመኑ የያዛትን። የፒንሳዋን አፍ በሞረድ ሳለ፣ በአልኮል ጠረገ። ቁራጭ ሽቦ ፈልጎ ቆርጦ ሞከራት፤ በሁለተኛው ሽቦ እኔን አስሞከረኝ፤ በሦስተኛው እህቴን። ከዚያ በገመድ አድርጎ ከአልጋዋ ራስጌ ምስማር ላይ ሰቀላት።

"ትንፋሽ ሲያጥርሽ ብቻ" አላት። "ለወሬ ብለሽ ብትቆርጪው ከእኔ ጋር ተጣላን።"

እሷም ከዚያ ወዲያ የዕለት ሥራው ሆነች። ሌላውን ነገር ሁሉ ትቶ የእሷን ምግብ ይጠብቃል። አጥሚቷን ስትጨርስ ብርጭቆውን ገልብጣ ካላሳየችው አያምንም። "ጠብታ ቀርቷል" ይላታል። እሷም መልሳ ታነሳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደልማዷ ጠጥታ ብርጭቆውን ገልብጣ ወጣች። አባዬ አግዳሚው ላይ ወደ ግድግዳው ዘመም ብሎ ተቀምጧል፤ ከዘራው ከእግሩ ሥር ወድቋል። ብርጭቆውን ፊቱ ላይ ያዘችለት። አላየውም።

ቀሪውን የነገረችኝ ቆይታ ነው። ልትጮህ ነበር። ጩኸቱ ከሆዷ ተነስቶ ጥርሷ ጋ ሲደርስ ሽቦው ያዘው፤ ድዷ ተቆርጦ ደም አፏን ሞላው። ወደ ውስጥ ሮጣ ፒንሳዋን ከምስማሩ አወረደች። ሽቦውን ልትቆርጥ መስታወት ፊት ቆማ ነበር፤ ደሙ ሸፍኖት አላገኘችውም። ስለዚህ ወጥታ በፒንሳዋ የግቢያችንን የቆርቆሮ በር ትደበድበው ጀመር።

በብየዳ ቤቶች መሃል የሚኖር ሰው ብረት ሲመታ ቀና አይልም። ጎረቤት ሁሉ በየቤቱ ሆኖ ሰምቷታል፤ ሥራ ነው ብሎ ተወ። ከፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ነው ቀድሞ የነቃው፤ የስልጤ ሰው ነው፣ አባዬን "ጋሼ" እያለ ዘመኑን ሁሉ የታገሠው። ሱቁን ክፍት ጥሎ መጣ። እሷን አየ፣ ደሙን አየ፣ ከኋላዋ አባዬን አየ። ከዚያ መንገዱ መሃል ቆሞ እሷ ልትጮህ የሚገባትን ጮኸላት። "ሰው ድረሱ። ጋሼ፣ ጋሼን ድረሱላቸው።" ለእኔም የደወለው እሱ ነው። ድምፁን ስሰማ ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ድንኳኑ ጠዋት ተተከለ፤ ጡሩምባ ነፊውም አልተኛም፣ ዞረ። ሴቶቹ ከዳር እስከ ዳር ተቀምጠዋል። ሁሉም አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ይሰማኛል። ለሰፈሩ ሙታን ሁሉ ያወረደችው ልጅ ለገዛ አባቷ ምን እንደምትል ሊሰሙ ነው የመጡት። እሷ ደግሞ ከሬሳው ሳጥን አጠገብ ተንበርክካ ሰውነቷ ይናወጣል እንጂ ድምፅ የላትም።

የሰፈሩ ሰው ነገሩን ያውቃል። ከሰላሌ የመጣችው አክስታችን ግን አታውቅም።

"ምነው ይቺ ልጅ ለጎመች?" አለች ጮክ ብላ። "ባዕድ ሲሞት ተራራ ታናውጣለች ሲሉ ሰምቼ። ለአባት ጊዜ ድምፅ አለቀ?"

"አፏ በሐኪም ታስሯል፣ እትዬ" አለቻት አንዷ።

"ሐዘን ያልፈታው እስር ምን ዓይነት ነው።"

እህቴ ሰማች። ተነስታ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። ከጡቶቿ መሃል ፒንሳዋን አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። በጣቷ ሽቦዎቹን አሳየችኝ፤ እዚህና እዚህ።

"ቁረጪልኝ" አለች በጥርሶቿ መሃል።

"ዶክተሯ ያለችውን ሰምተሻል።"

"ቁረጪልኝ፣ እቴቴ። ኑዛዜ ነው።"

"አጥንቱ ገና ነው። ትጣመሚያለሽ። ዕድሜ ልክሽን የምትበይበት ነው። ጥርሱም ይሄዳል፣ ቁስሉም ይመረዛል። አባዬ ትንፋሽ ሲያጥርሽ ብቻ ነው ያለው።"

ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ "ታንቄያለሁ እኮ" አለች።

ፒንሳዋ መዳፌ ውስጥ ሞቃለች፤ ከእሷ ገላ ነው የወጣችው። እጀታዋ ላይ የአባዬ አውራ ጣት ያለሰለሰው ቦታ አለ፤ የእኔ ጣት እዚያው ላይ ገባ። ይህን የሳለው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ብርጭቆ እያስገለበጠ የጠበቀው ይህችን መንጋጋ ነው። ካልቆረጥኩ ኑዛዜውን እነጥቀዋለሁ፤ ከቆረጥኩ ድካሙን። ብዙ ቆምኩ መሰለኝ፤ ከድንኳኑ ካህናቱ ተነሱ ሲሉ ሰማሁ። ፒንሳዋን በራሴ ጡቶች መሃል ከተትኩና እንባዋን በነጠላዬ ጠረግሁላት።

"አልቆርጥም" አልኳት። "ግን ለእኔ ንገሪኝ። አንቺ አውርጂ፣ እኔ እላለሁ።"

"አንቺ ግጥም አትችዪም።"

"አልችልም። አንቺን ግን መስማት እችላለሁ።"

ተያይዘን ወጣን። ጉንጯን ከጆሮዬ ጋር አጋጠመች። የሽቦው ጫፍ ጆሮዬን እየጫረው፣ በእነዚያ በተቆለፉ ጥርሶች መሃል ትንፋሽ ትንፋሽ የሚል ግጥም ወረደ። እኔም በዚያ ለወሬ ብቻ በተፈጠረ ድምፄ አስተጋባሁት።

ብረት ሲያቃና ውሎ ያደረው እጁ፣
ምነው ጥሏት ሄደ ተሰብራ ሳለች ልጁ።

ሴቶቹ ቀና ብለው ወደ እኛ አዩ። ከማን እንደመጣ ሲገባቸው አንዷ ደረቷን መታች። እህቴ ትንፋሿን ሰብስባ ሌላ ሰጠችኝ።

በር መታሁልህ እንጂ መች ጮኽኩልህ አባ፣
አፌ ተዘግቶብኝ ዓይኔ ብቻ አነባ።

ባለሱቁ ከድንኳኑ ደጅ ቆሞ ነበር። ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። አክስታችን ከተቀመጠችበት ተነስታ መጣችና እህቴ እግር ላይ ወደቀች፤ "ይቅር በይኝ፣ አላወቅሁም፣ አፌ ይቆረጥ" እያለች። ሰው ሁሉ አለቀሰ። አባዬ በደንብ ተለቀሰለት፤ ማንም አላማንም። ከእሷ በቀር። መቃብሩ ተደፍኖ ስንመለስ በጆሮዬ፣ "አልወጣልኝም" አለች። "ያንቺን ነው የሰማሁት። የእኔ እዚሁ ነው" ብላ ጉሮሮዋን ነካች።

ሽቦው የተፈታው ከአርባው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ዶክተሯ አንድ በአንድ ቆርጣ አወጣችና "ክፈቺ" አለቻት። አፏ ጣት የሚያህል ተከፈተ፤ ከዚያ አልሄድ አለ። ሥጋው ተኮማትሮ ነው፣ ይለመዳል ተባልን። እህቴም ቀጫጭን የእንጨት ስንጥሮችን ደራርባ በጥርሶቿ መሃል እያስገባች በየጊዜው አንድ ትጨምራለች። ራጁ ሲታይ አጥንቱ ገጥሟል፤ ጥቁሩ ሰንበር ደብዝዟል። ያ ጥርስ በቦታው ቆሟል።

አርባው ሲደርስ ጸሎቱ ተጸለየ፤ ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። እህቴ ከማዕዱ መሃል ግጥም ልታወርድ ስትነሳ የንስሐ አባታችን፣ "ልጄ፣ አሁን ልቅሶው አብቅቷል። ከእንግዲህ ነፍሱን ማስጨነቅ ነው" አሏት፤ በደግነት ነው ያሏት። ተቀመጠች። አርባ ሲያልፍ የሚጮህ ሰው እብድ ነው የሚባለው። ሐዘንም የራሱ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱ ሲያልፍ የእሷ አፍ የሚከፈተው ገና ጣት ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ አፏ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ በላች፣ ወደ ሥራዋም ተመለሰች። ልቅሶ ቤት ስትሄድ ግን ከኋላ ትቀመጣለች። ሴቶቹ ገለል ብለው ቦታ ሲሰጧት፣ "ድምፄ ተበላሽቷል፣ እናንተ ቀጥሉ" ትላለች። ድምፅዋ ምንም አልሆነም። ከእኔ ጋር ስልክ ላይ ያው ናት። "የአባቴን ሳላወጣ የሰው አላወጣም" አለችኝ አንድ ቀን፤ ደግመን አላነሳነውም። አግዳሚዋ ወንበር ላይ ማታ ማታ ትቀመጣለች፤ ምላሷን ጉንጯ ውስጥ እያዞረች ያንን ጥርስ ትነካካለች። ልማድ ሆነባት።

ጥርሱ ቀስ በቀስ ወደ ግራጫ ሄደ። ውኃ ሲነካው ያማት ነበር፤ በኋላ ማመሙን ተወ። ከዚያ ድዱ ላይ ትንሽዬ ብጉር ወጣች፣ ስትጫን መግል አላት። ተያይዘን ሄድን። ያቺው ዶክተር ናት። ራጁን አይታ መነፅሯን አወለቀች።

"ሞቷል" አለች። "ሥሩ ላይ መግል ቋጥሯል። ግን አያሳዝንሽ፣ ሥራውን ሠርቷል፤ አጥንቱ ያለ እሱ መቆም ይችላል። አሁን ማውጣት አለብን።"

እህቴ አፏን ዘጋች። "አይወጣም።"

"ከቆየ አጥንቱን ይጎዳዋል እኮ።"

"አባቴ ያስጠበቀው ጥርስ ነው።"

ዶክተሯ ወደ እኔ አየች። አባታችን መሞቱን አልሰማችም ነበር፤ ነገርኳት።  "እኚያ ብሎን ያሉት አባባ?" አለችና ወንበሯን ወደ እህቴ አስጠጋች። "ያስጠበቁት መንጋጋሽን ነው። እሱ ድኗል። እይው፣ ይኸው።" ፊልሙን ሰጠቻት። እህቴ ሰንበሩ የነበረበትን ቦታ በጣቷ ፈለገችው። ጨርሶ አይታይም። ከዚያ ወደ ኋላ ተደግፋ አፏን ከፈተች።

መርፌው ተወጋ፤ ጉንጯ እስኪደነዝዝ ጠበቅን። ዶክተሯ በጉጠቱ ያዘችው። እኔ ትግል ጠብቄ ነበር፤ ጥርሱ ግን ሁለት ጊዜ ወዝወዝ ብሎ ያለ ምንም ክርክር ወጣ። ትሪው ላይ ሲወድቅ ቀጭን ድምፅ ሰጠ፤ ብረት በብረት ሲነካ ዓይነት።

እህቴ ያን ድምፅ ስትሰማ ጮኸች።

"አባዬ" አለች። ከወንበሩ ቀና ብላ፣ ደሙ በአገጯ እየወረደ፣ አፏን እስከ መጨረሻው ከፍታ። ያ ማሽኑን የሚያሸንፈው ድምፅ ነው። የመስኮቱ መስታወት የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

"መርፌው አልያዘም እንዴ?" አለች ዶክተሯ ደንግጣ።

"ይዟል" አልኳት። "እባክሽ ዶክተር፣ ትንሽ ታገሽን።"

በደነዘዘ ከንፈሯ፣ ቃሉ እየተንሻፈፈባት፣ አወረደችው።

ነጭናጫው አባቴ፣ ቤቱን የሚያምሰው፣
ምነው ዝም አለብኝ እንዳልሰማኝ ሰው።

ቃሉን አግኝታለታለች። ጊዜ አለሽ ብሏት ነበር።

በሩ ተከፈተ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው፤ ያበጠ ጉንጭ በሻርፕ ያሰሩ፣ ጥጥ የነከሱ። ሲያማት ነው ብለው እንዳልመጡ ከአቋማቸው አወቅሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የሚመስል ሰውዬ ኮፍያውን አውልቋል። ልቅሶን ከሕመም ጩኸት የማይለይ ጆሮ እኛ ሰፈር የለም። አንዲት ትልቅ ሴት ጉንጫቸውን በእጃቸው እንደደገፉ ገብተው በሌላው እጃቸው የእህቴን ትከሻ ያዙ።

"ማን ሞቶባት ነው?" አሉኝ።

"አባታችን።"

"እኔን። መቼ?"

ወሩን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እህቴን አየኋት፤ ደረቷን እየመታች ታወርዳለች፤ ሁለት ሴቶች መቀበል ጀምረዋል።

"ዛሬ ነው የተረዳችው" አልኳቸው።

"እግዜር ያጥናችሁ" አሉና የተራቸውን ካርድ ከጎናቸው ላለችው ልጅ ሰጥተው ከእህቴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ዶክተሯ ጓንቷን አውልቃ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ማንንም አላስወጣችም። ድምፅዋ እየሻከረ፣ እየወረደ፣ በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ሁላችንም ጠበቅናት።

ሲበቃት ዶክተሯ ንጹሕ ፋሻ አጥፋ ቁስሉ ላይ አደረገችላት። "አሁን ንከሺ" አለቻት ቀስ ብላ። "ደሙ እስኪቆም እንዳትናገሪ።"

እህቴ ነከሰች። ጥርሶቿ በሁለቱም በኩል ተገናኙ።